ሕገ መንግሥት ሲተረጎም የአርቃቂዎች ሐሳብ ያለው ቦታ

ሕገ መንግሥት የሚጸድቀው በአንድ ቀን ቢሆንም የሚያገለግለው ግን ለብዙ ትውልድ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በሕገ መንግሥት ጉባኤ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1/1987 ታውጆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ሰነዱ ሲጸድቅ ያልተወለዱ ዜጎች ዛሬ አመልካች፣ ተከራካሪ፣ ጠበቃና ዳኛ ሆነዋል። በመሆኑም አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ ከአንድ በላይ ትርጉም ሊሰጠው በሚችልበት ጊዜ ተርጓሚው አካል መከተል ያለበት ሰነዱን ያረቀቁትና ያጸደቁት ሰዎች በወቅቱ የነበራቸውን ሐሳብ ነው ወይስ ከዚያ የሰፋ ነገር?

ጥያቄው ለሕግ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በውርስ፣ በመሬት ይዞታ፣ በግል ሕይወት መከበር ወይም በምርጫ ጉዳይ አቤቱታ የሚያቀርብ ዜጋ የሚያገኘው ውሳኔ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ሊመሠረት ይችላል። ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን ምንነት፣ በሁለቱም ወገን የሚቀርቡትን ምክንያቶች፣ የሌሎች አገሮችን ልምድ፣ በኢትዮጵያ ሕግ የሚታየውን አቅጣጫ እንዲሁም አቤቱታ ማቅረብ የሚፈልጉ ዜጎች ሊያውቁት የሚገባውን ያብራራል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው አካል

በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ወይም ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ግን አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 1 ይህን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። አንቀጽ 83ም የሕገ መንግሥት ክርክር በተነሣ ጊዜ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ይኸው ምክር ቤት እንደሆነ ይደነግጋል።

ምክር ቤቱን በሙያ የሚያግዘው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው። በአንቀጽ 82 መሠረት ጉባዔው 11 አባላት አሉት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሰብሳቢ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ምክትል ሰብሳቢ ናቸው። 6 የሕግ ባለሙያዎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ይሾማሉ። ቀሪዎቹ 3 አባላት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከራሱ አባላት መካከል የሚወክላቸው ናቸው።

ይህ ማለት ፍርድ ቤቶች ከሕገ መንግሥቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም ማለት አይደለም። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1 በየደረጃው ያሉ የሕግ አውጪ፣ የሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስለሆነም ዳኛ በዕለት ተዕለት ሥራው ሕገ መንግሥቱን ያነብባል፤ ተግባራዊም ያደርጋል። የድንጋጌው ትርጉም አከራካሪ ሲሆን ግን ጉዳዩ ወደ አጣሪ ጉባዔው፣ ከዚያም ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳል። የአርቃቂዎች ሐሳብ ምን ያህል ክብደት ይሰጠው የሚለው ጥያቄ በሦስቱም ዘንድ የሚነሣ ነው።

ለአርቃቂዎች ሐሳብ ቅድሚያ ይሰጥ የሚሉ ወገኖች ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የሥልጣን ምንጭን የሚመለከት ነው። ሕገ መንግሥት የሕዝብ ስምምነት ከሆነ፣ ተርጓሚው የስምምነቱን ይዘት ይፈልግ እንጂ አዲስ ስምምነት አይጻፍ ይላሉ። ዳኛ ወይም ሌላ ተርጓሚ የራሱን ምርጫ በሕገ መንግሥቱ ስም እንዳያስገባ የሚገታው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሐሳብ ነው የሚል እምነት አላቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የሕግ እርግጠኝነት ነው። የአንድ አንቀጽ ትርጉም ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ከሆነ ዜጋው መብቱንና ግዴታውን አስቀድሞ ማወቅ ይቸግረዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ሕገ መንግሥትን የመለወጫ መንገድ መኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 104 እና 105 ስለ ማሻሻያ ሥርዓት ደንግጓል። በተለይም የምዕራፍ ሦስት መብቶችን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል ይኖርባቸዋል። ይህን የመሰለ ከባድ ሥርዓት ተቀምጦ ሳለ በትርጉም ስም ማሻሻል ሥርዓቱን ማለፍ ይሆናል የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሐሳቡ የሚገጥሙት ችግሮች

በሌላ በኩል የአርቃቂዎችን ሐሳብ የመጨረሻ መለኪያ ማድረግ ቢያንስ ሦስት ችግሮች አሉበት።

የመጀመሪያው “የማን ሐሳብ?” የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንድ እጅ የተጻፈ አይደለም። በሽግግሩ ዘመን የሕገ መንግሥት ኮሚሽን አረቀቀው፤ የሽግግር መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት ተወያየበት፤ በመጨረሻም ለዚሁ ተግባር በሕዝብ የተመረጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ መርምሮ አጸደቀው። በየደረጃው የተሳተፉት ሰዎች በመሬት ባለቤትነትም ሆነ በሌሎች አከራካሪ ጉዳዮች አንድ ዓይነት አቋም አልነበራቸውም። ለአንድ አንቀጽ እጃቸውን ያወጡ ሁለት የጉባኤ አባላት ድምፃቸውን የሰጡበት ምክንያት የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የማስረጃ ችግር ነው። የሕገ መንግሥት ጉባኤው ቃለ ጉባኤና ከረቂቁ ጋር የተያያዙ ማብራሪያዎች ጠቃሚ ሰነዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ቃለ ጉባኤ የሚመዘግበው የተናገሩትን ሰዎች እንጂ ዝም ብለው ድምፅ የሰጡትን አይደለም። ደግሞም የፀደቀውና የታወጀው ሕግ አንቀጹ ነው፤ በውይይት ጊዜ የተሰነዘረ አስተያየት ድምፅ አልተሰጠበትም፣ አልታወጀምም።

ሦስተኛው ያልታሰበ ነገር የመከሰቱ ችግር ነው። ሕግ አርቃቂ የሚጽፈው በዘመኑ ያለውን ዓለም እያየ ነው። በኋላ የሚመጣው ሁሉ በሐሳቡ ውስጥ ሊኖር አይችልም። ስላልታሰበ ነገር የአርቃቂውን ሐሳብ መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

ከሌሎች አገሮች ልምድ

ክርክሩ በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ ሲረቀቅ ጉባኤው የተካሄደው በዝግ ነበር። ጄምስ ማዲሰን የያዛቸው ዝርዝር ማስታወሻዎች ለሕዝብ የታተሙት እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ስለዚህም ሰነዱን ያጸደቁት ግዛቶች በጊዜው የነበራቸው ጽሑፉ እንጂ የውይይቱ መዝገብ አልነበረም። ይህና ሌሎች ትችቶች ብዙዎቹን የአመለካከቱ ደጋፊዎች አቋማቸውን እንዲያስተካክሉ አድርገዋቸዋል። ዛሬ አብዛኞቹ የሚፈልጉት የአርቃቂዎቹን የግል ሐሳብ ሳይሆን ቃሉ በወጣበት ጊዜ ለተራው አንባቢ ይሰጥ የነበረውን ትርጉም ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የዚህ አመለካከት ዋና ተሟጋች ነበሩ።

የዚያው ፍርድ ቤት የታወቀ ውሳኔ የታሪክ ማስረጃን ወሰን ያሳያል። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በተለያየ ትምህርት ቤት ማስተማር ከእኩልነት መብት ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ክርክር በቀረበ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ አርቃቂዎች ስለዚህ ጉዳይ ምን አስበው እንደነበር ተከራካሪዎቹ እንዲያስረዱ አዘዘ። ማስረጃው ተሰባስቦ ከታየ በኋላ ግን ወደ አንድ መደምደሚያ የሚያደርስ ሆኖ አልተገኘም። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 “ብራውን” በሚል ስም በሚታወቀው ጉዳይ በሙሉ ድምፅ መለያየቱን የሻረው ትምህርት በዘመኑ ሕይወት የያዘውን ቦታ መርምሮ ነው።

በካናዳ ደግሞ ጥያቄው ሴቶች ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሊሾሙ ይችላሉ ወይ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው ሕግ “ብቁ የሆኑ ሰዎች” ይሾማሉ ይላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1928 ሕጉ በወጣበት ዘመን “ሰዎች” ሲባል ሴቶች አልታሰቡም ብሎ ወሰነ። በአምስት ሴቶች ይግባኝ ጉዳዩን ያየው በለንደን የሚገኘው የፕሪቪ ካውንስል የዳኝነት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1929 ውሳኔውን ሻረው። ኮሚቴው ሕገ መንግሥትን በተፈጥሯዊ ወሰኑ ውስጥ ከሚያድግ ሕያው ዛፍ ጋር አመሳሰለው። ንጽጽሩ ሁለት ነገር ይዟል፤ ዛፉ ያድጋል፣ ሆኖም ሥር ከሰደደበት ቦታ አይነሣም።

የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሄደበት መንገድም ትኩረት የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት የድርድሩን ሰነዶች ተመልክቷል። ከሰነዶቹም የተረዳው ተደራዳሪዎቹ በጉዳዩ ሊስማሙ ስላልቻሉ መልሱን ለፍርድ ቤቱ እንደተዉት ነው። ፍርድ ቤቱ ግልጽና የማያከራክር የዝግጅት ሰነድ ለትርጉም ሊያግዝ እንደሚችል ተቀብሏል። የአንድ ተሳታፊ ንግግር ብቻውን ግን መመዘኛ እንደማይሆን አስገንዝቧል። በመጨረሻም በሕገ መንግሥቱ በተጻፉት የሕይወትና የሰብአዊ ክብር መብቶች ላይ ተመሥርቶ የሞት ቅጣትን ሽሯል።

የኢትዮጵያ ሕግ የሚያመለክተው አቅጣጫ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የአርቃቂዎች ሐሳብ ይከበር ወይም አይከበር የሚል ግልጽ ድንጋጌ የለውም። ይሁን እንጂ ስለ አተረጓጎም የሚናገሩ ድንጋጌዎች አሉት።

አንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ የማንኛውም ትርጉም መነሻ የታወጀው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች ሕግጋትና ሰነዶች መርሆዎች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዝዛል። ይህ ድንጋጌ ትልቅ ትርጉም አለው። አርቃቂዎቹ ራሳቸው በመብት ጉዳይ ተርጓሚው ከእነርሱ ሐሳብ ውጭ ያለ መመዘኛ እንዲመለከት አዝዘዋል ማለት ነው። የእነርሱን ሐሳብ በሙሉ ለማክበር የሚፈልግ ተርጓሚም ይህን ትእዛዛቸውን ማክበር ይኖርበታል።

የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ሥልጣን ለመዘርዘር የወጣውና በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1261/2013 የተተካው አዋጅ ቁጥር 251/1993ም ምክር ቤቱን በአንድ የአተረጓጎም ስልት አላሰረውም። ለጉዳዩ ይረዳሉ የሚላቸውን መርሆዎች ለይቶ ሥራ ላይ እንዲያውል ፈቅዶለታል።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች የሚገኘው መልስ መካከለኛ ነው። የአርቃቂዎች ሐሳብ የጽሑፉን ዓላማ ለማወቅ የሚጠቅም ማስረጃ ነው፤ ከጽሑፉ በላይ የሚቆም ሕግ ግን አይደለም። ቃሉ ግልጽ ሲሆን ቃሉ ይሠራል። ቃሉ አሻሚ ሲሆን የአንቀጹ ዓላማ፣ ከሌሎች አንቀጾች ጋር ያለው ግንኙነት፣ ዓለም አቀፍ መርሆዎችና የዝግጅት ሰነዶች አብረው ይመዘናሉ።

በተግባር የሚታዩ ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ ቃሉ ግልጽ የሆነበት ነው። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች ሊዳኙ እንደሚችሉ ይደነግጋል። አንዲት ባለጉዳይ በውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ አለመሆኗን ብትገልጽም ጉዳዩ በዚያው ታይቶ ተወሰነባት። አጣሪ ጉባዔው የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም ብሎ አቤቱታዋን አልተቀበለም። እርሷ ግን ይግባኝ አለች፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ መዳኘቷ ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን ወሰነ። መብቷ የተመሠረተው በአንቀጹ ውስጥ በተጻፈው “ፈቃድ” ላይ ነበር። ይህን ለመረዳት የቃለ ጉባኤ ጥራዝ መግለጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምሳሌ ዘመን ያመጣውን ለውጥ ይመለከታል። አንቀጽ 26 ንዑስ አንቀጽ 2 በፖስታ፣ በቴሌፎን፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ከመደፈር ይጠብቃል። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ የሞባይል ስልክ አገልግሎት በኢትዮጵያ ገና አልተጀመረም ነበር። በእጅ ስልክ የሚላክ የጽሑፍ ወይም የድምፅ መልእክት በጉባኤው አባላት ሐሳብ ውስጥ ሊኖር አይችልም። የአንቀጹ ቃልና ዓላማ ግን መልእክቱን ያቅፋሉ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ በአርቃቂዎቹ ሐሳብ ላይ ብቻ ተወስኖ መቆየት መብቱን ባዶ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ የአርቃቂዎች ሐሳብ በእርግጥ የሚጠቅምበት ነው። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። አንድ አርሶ አደር በችግር ምክንያት ገንዘብ ተቀብሎ መሬቱን እጅግ ረጅም ለሆነ ጊዜ በ“ኪራይ” ስም ለሌላ ቢያስተላልፍ፣ ውሉ ኪራይ ነው ወይስ ስሙን የቀየረ ሽያጭ? ኪራይ በሕግ በተወሰነ ገደብ የተፈቀደ ነው። “መሸጥ” የሚለው ቃል ብቻውን ግን ወሰኑን አያሳይም። በወቅቱ የሕዝብ ባለቤትነት ደጋፊዎች ያቀረቡት ዋና ምክንያት አርሶ አደሩ በችግር ጊዜ መሬቱን ሸጦ እንዳይፈናቀል የሚል ነበር። ይህ ዓላማ ከመሬት ያለመነቀል መብትን በሚደነግገው በንዑስ አንቀጽ 4ም ይታያል። የዝግጅት ታሪክና ጽሑፉ በአንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ታሪኩ ጠንካራ ድጋፍ ይሆናል።

አራተኛውና ከባዱ ምሳሌ ሕገ መንግሥቱ ዝም ያለበት ነው። አንቀጽ 58 ንዑስ አንቀጽ 3 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን 5 ዓመት እንደሆነና አዲሱ ምርጫ ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት እንደሚጠናቀቅ ይደነግጋል። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የታቀደው ምርጫ በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት እንደማይካሄድ ሲታወቅ፣ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ካበቃ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በግልጽ የተጻፈ መልስ አልነበረውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንቀጽ 54፣ 58 እና 93 ትርጉም እንዲሰጥ ጠየቀ። አጣሪ ጉባዔው የሕግ ባለሙያዎችን በይፋ ካዳመጠ በኋላ የውሳኔ ሐሳቡን አቀረበ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ምርጫው የወረርሽኙ ስጋት መወገዱ በጤና ተቋማት ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ እንዲካሄድና ምክር ቤቶቹ እስከዚያ በሥራ እንዲቆዩ ወሰነ። በባለሙያዎች መካከል የአመለካከት ልዩነት ነበር። ገሚሶቹ ትርጉም አስፈላጊም ተገቢም ነው ሲሉ፣ ሌሎች የሥራ ዘመን ገደቡ ግልጽ ስለሆነ የሚተረጎም ነገር የለም ብለው ተከራክረዋል። ጉዳዩ አርቃቂዎች ያላሰቡት ሁኔታ ሲከሰት የተርጓሚው ኃላፊነት ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ውሳኔው ተቀባይነት የሚያገኘው ምክንያቱ በግልጽ ሲቀመጥና ማንም ሊመረምረው ሲችል ነው።

አቤቱታ ለሚያቀርቡ ዜጎች

የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ የሚቀርበው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ ነው። ዝርዝር ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 798/2005 ተደንግጓል። አመልካቾች የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያስተውሉ ይጠቅማቸዋል።

አንደኛ፣ ጥያቄው ሕገ መንግሥታዊ መሆን አለበት። የማስረጃ ምዘና ተሳስቷል ወይም ሕግ በአግባቡ አልተተረጎመም የሚል ቅሬታ ብቻውን በይግባኝና በሰበር የሚታይ እንጂ የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በመደበኛው መንገድ ያሉት የይግባኝና የቅሬታ ደረጃዎች አስቀድመው መጠናቀቅ አለባቸው። አመልካቹ የመጨረሻውን ውሳኔ ቅጂ አያይዞ ማቅረብ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ አቤቱታው የተጣሰውን አንቀጽ በቁጥሩና በአማርኛው ቃሉ መጥቀስ፣ ከዚያም የተፈጸመው ድርጊት ወይም የወጣው ሕግ ከቃሉ ጋር እንዴት እንደሚጋጭ ማስረዳት ይገባዋል። ቃለ ጉባኤ ወይም ሐተታ ዘምክንያት የሚጠቅስ አመልካች ሰነዱን ለማጠናከሪያ ይጠቀምበት እንጂ በአንቀጹ ምትክ አያቅርበው። የአንድ ተናጋሪ አስተያየት የጠቅላላ ጉባኤው አቋም ተደርጎ አይወሰድም።

አራተኛ፣ አጣሪ ጉባዔው ትርጉም አያስፈልግም ብሎ ቢወስን ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። በአንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ቅር የተሰኘ ባለጉዳይ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰችው ባለጉዳይ መብቷን ያስከበረችው በዚህ መንገድ ነው። አቤቱታም ሆነ ይግባኝ የሚቀርበው በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ አመልካቾች ውሳኔው እንደደረሳቸው የጊዜ ገደቡን ከአዋጁ ወይም ከሕግ ባለሙያ ማረጋገጥ አለባቸው።

ማጠቃለያ

ሕገ መንግሥትን ያረቀቁ ሰዎች ሐሳብ ሊናቅ የማይገባው የታሪክ ምስክር ነው። ሆኖም ምስክር በዳኛው ወንበር አይቀመጥም። ዜጎች የተስማሙበትና ሊያነቡት የሚችሉት የታወጀው ጽሑፍ ነው። ተርጓሚው ከጽሑፉ ከተነሣ፣ ዓላማውን በታማኝነት ከመረመረና የውሳኔውን ምክንያት በይፋ ካስቀመጠ፣ የትናንቱ ስምምነት ለዛሬው ባለጉዳይ ሊሠራ ይችላል። አመልካችም መብቱን ፍለጋ ሲነሣ መጀመሪያ ሊገልጠው የሚገባው ሕገ መንግሥቱን ራሱን ነው።